የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከካርቶን ውስጥ የወጣች ሸክላ

በዚህ እትም አራት ጥያቄዎችን እናስተናግዳለን። ሦስቱ ከአንድ አንባቢ በተለያየ ጊዜ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ግን ከሌላ አንባቢ የመጣና ከነገሩ ጋር የሚሄድ ሆኖ ስላገኘነው በመካከል አስገብተነዋል። የባንዱንም ሆነ የከተማዋን ስም አልጠቀስንም፤ ምክንያቱ ከመጨረሻው ጥያቄ ይገባችኋል። የምንጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ወዳሉበት ሲሄዱ የቤት ዕቃቸውን በግቢያቸው ዘርግተው ይሸጡ ነበርና አንድ ካርቶን አሮጌ ሸክላ ገዛኋቸው። ከመካከሉ አንዲት ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ አለች። በመሀሏ ባለው ክብ ወረቀት ላይ የባንዱ ስም፣ የሁለት ዘፈኖች ርእስና የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ታትሟል፤ ዓመቱ ግን የለም። አንደኛው ገጽ ለዘብ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው ገጽ የውትድርና ጥሪ ስለደረሰው ልጅ የሚናገር፣ ጊታሩ የሚያጓራ ሻካራ ሮክ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከመስማት መላቀቅ አልቻልኩም። በኢንተርኔት ብፈልግ ምንም አላገኘሁም፤ ጎረቤቴም ሸክላዋ ከየት እንደመጣች አያስታውሱም። እነዚህ ልጆች እነማን ነበሩ? እንዴትስ ላገኛቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ልጆቹን ከመፈለግዎ በፊት በእጅዎ ያለችውን ያድኑ። ከመስማት መላቀቅ አልቻልኩም ማለትዎ ደስ ቢያሰኝም ያሳስባል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ስታይሪን ደግሞ ያረጀ መርፌና ከባድ ክንድ ካለው ማጫወቻ ጋር ከተገናኘ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ሸክላዋን በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ የመሀሉን ወረቀት ሳያርሱ፣ የድምፁን ቦይ ተከትለው በዙሪያው ይጥረጓት፤ አልኮል አያስነኳት። ከዚያ አዲስ መርፌ ባለው ማጫወቻ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ አጫውተው ድምፁን ሳይጨመቅ ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት። ሸክላዋ ሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ የተቀዳች፣ ሳትሆን አትቀርምና ማጉያዎ የሞኖ ቁልፍ ካለው ይጫኑት፤ ንጫጫታው በግልጽ ይቀንስልዎታል። ከዚህ በኋላ የፈለጉትን ያህል የሚሰሙት ቅጂውን ነው፤ ሸክላዋ ወደ ማኅደሯ ትመለስ።

ቀጥሎ የመሀሉን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ያንብቡ። ከዘፈኑ ርእስ ሥር በቅንፍ የሚታዩት ስሞች የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ስሞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከተጫዋቾቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ከዚያ አሉበት። ከስሙ አጠገብ ቢ.ኤም.አይ. የሚሉ ፊደላት ካገኙ፣ ይህ በ1939 የተመሠረተና ለደራሲዎች የሚገባውን ክፍያ የሚሰበስብ ድርጅት ነው። ከሱ በፊት የነበረው አስካፕ በስመ ጥር ደራሲዎች የተያዘ ስለነበር፣ አዲሱ ድርጅት በሩን ለገጠር ሙዚቀኞችና ለጀማሪዎች ከፈተ፤ በትናንሽ ከተሞች ሸክላዎች ላይ ስሙ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡን ማንኛውም ሰው በነፃ ሊፈልግበት ይችላል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ያሳትማቸው የነበሩ የምዝገባ ጥራዞችም ገጽ በገጽ ተነሥተው በኢንተርኔት ይነበባሉ። በጊዜው ሕግ ድምፁ ራሱ ሊመዘገብ ስለማይችልና ዜማውም በሸክላ ላይ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ መቅረብ ስለነበረበት፣ መዝገቡ ላይ ስማቸው ከተገኘ ኖታ የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው ማለት ነው። በከተማዋ ኖታ የሚያውቀው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ራሱ አንድ ፍንጭ ነው።

ዓመቱን ግን ወረቀቱ አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎ ዜማው አልቆ መርፌው ባዶውን የሚዞርበት ለስላሳ ጠርዝ ነው። ሸክላዋን ወደ መብራት አዘንብለው ቢያዩ በዚያ ጠርዝ ላይ በእጅ የተጫሩ ወይም በማኅተም የተመቱ ፊደላትና ቁጥሮች ያገኛሉ። በነዚያ ዓመታት ማንም ሰው ገንዘቡንና የተቀዳ ክሩን ይዞ ከቀረበ ጥቂት መቶ ሸክላ አትመው የሚሰጡ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ደብተራቸውን የሚይዙትም በዚያ ቁጥር ነበር። አር.ሲ.ኤ. የተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ለደንበኞቹ ባተማቸው ሸክላዎች ላይ ቁጥሩ የሚጀምርበት ፊደል ዓመቱን ያመለክታል፤ ኤስ 1965ን፣ ቲ 1966ን፣ ዩ 1967ን። የሎስ አንጀለሱ የሞናርክ ፋብሪካ በበኩሉ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሥሎ ተከታታይ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ሰብሳቢዎች የታወቁ ሸክላዎችን ቁጥሮች ከወጡበት ቀን ጋር አስተያይተው ሠንጠረዥ ስለሠሩለት ቁጥሩን ካገኙ ወሩን እንኳ መገመት ይቻላል።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ከተማዋ ይሂዱ፤ በእግርዎ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ በሚያቀርባቸው አሮጌ ጋዜጦች ውስጥ ፈልጎ ሲያጣ ባንዱ በጋዜጣ አልወጣም ብሎ በመደምደሙ ነው። ያ ስብስብ 1963 ላይ ይቆማል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የከተማዋ ሳምንታዊ ጋዜጣ በማይክሮፊልም የሚገኘው በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የፊት ገጹን ይለፉትና የቅዳሜ ማታ የዳንስ ማስታወቂያዎችን፣ የባንዶች ውድድር ዜናዎችን፣ ከሁሉም በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ዓመታዊ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ይመልከቱ። እነዚህ ባንዶች የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩና በዓመታዊው መጽሐፍ ውስጥ ጊታር ይዘው የተነሱበት አንድ ፎቶግራፍ አይጠፋም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም እኮ የክፍል ጓደኛቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፤ በሸክላዋ ላይ የታተመው ከተማ የባንዱ ሳይሆን የአሳታሚው መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ምንም ካጡ በአርባና በሃምሳ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ይሞክሩ።

ግጥሙንም ቢሆን አይናቁት። የዲትሮይቱ ሮድሪጌዝ በ1970 ያወጣው አልበም በአገሩ ሳይሸጥ ቀርቶ በደቡብ አፍሪካ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ዝነኛ ሲሆን፣ አድናቂዎቹ ሰውየው የት እንዳለ ቀርቶ በሕይወት መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። በ1990ዎቹ ፍለጋውን መስመር ያስያዘው ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ የተጠራች ዲርቦርን የምትባል ከተማ ናት፤ ካርታ ዘርግተው ሲያዩ ከዲትሮይት ጎን አገኟት። እርስዎም ያን ሁለተኛ ገጽ ሲሰሙ የመንገድ፣ የወንዝ፣ የፋብሪካ ወይም የአውቶቡስ ጣቢያ ስም ከተጠራ በወረቀት ይያዙት።

ጥያቄ፦ ስለ 1960ዎቹ የአሜሪካ ሙዚቃ የሚጻፈውን ሳነብ ጊታር የያዘ ወጣት ሁሉ የቬትናምን ጦርነት ይቃወም የነበረ ይመስለኛል። በእርግጥ የትናንሽ ከተሞች ባንዶችም የተቃውሞ ባንዶች ነበሩ? ያን ያህል ብዙ ከነበሩስ እንዴት ዱካቸው ጠፋ?

መልስ፦ ብዙ ስለመሆናቸው ጥርጥር የለውም። የካቲት 9 ቀን 1964 ምሽት ቢትልሶች በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመልክቷቸዋል፤ በማግስቱ የጊታር ዋጋ የጠየቀውን ልጅ ማን ይቈጥረዋል? መሣሪያውም እጅ የሚደርስ ሆኖ ነበር። ሲርስ የተባለው ንግድ ቤት በፖስታ በሚልከው የዕቃ መዘርዝር ውስጥ ሲልቨርቶን የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረ፤ የጊታሩ ማኅደር ራሱ ማጉያና ድምፅ ማውጫ ተሠርቶለት ስለነበር አንድ ልጅ ዕቃውን ተረክቦ ሶኬቱን ሲሰካ ጨርሷል። አንባቢያችን ያጓራል ያሉት የጊታር ድምፅም ከ1962 ጀምሮ ለገበያ ከቀረበ ማስትሮ ከሚባል ትንሽ የእግር መርገጫ ወይም ከመሰሎቹ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 ከተጠቀሙበት ወዲህ መርገጫው እንደ ልብ ተሸጧል። ልምምዱ በአባት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስለነበረም ሙዚቃው በኋላ በዚያው ስም ጋራዥ ሮክ ተባለ።

ተቃውሞን በተመለከተ ግን የነበረውን እንደነበረ መናገር ይሻላል። ከነዚህ ባንዶች አብዛኞቹ የሚዘፍኑት ስለ ከዳቻቸው ሴት ልጅ ነበር። በ1965 መስከረም ጦርነትንና የኒዩክሌር ሥጋትን ያነሣው የባሪ መጓየር ዘፈን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ ለሱ በተቃራኒው የመለሰ ሌላ ዘፈን በዚያው ዓመት ወጥቶ ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት 1966 ደግሞ የልዩ ኃይል ወታደሮችን የሚያሞግሰው የሳጅን ባሪ ሳድለር ዘፈን ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ካፌ ሙዚቃ ማጫወቻ ሁሉንም ይዞ ነበር፤ የከተማዋ ባንድም ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ሊጫወት ይችል ነበር። እንዲያውም መንግሥትን በጊዜው ያሳሰበው ስለ ጦርነት የተዘፈነው ብቻ አልነበረም። የፖርትላንዶቹ ኪንግስመን በ1963 የቀዱትን «ሉዊ ሉዊ» ኤፍ.ቢ.አይ. ብልግና አለበት በሚል ጥቆማ በተለያየ ፍጥነት እያጫወተ መርምሮ፣ በየትኛውም ፍጥነት ቢሆን ቃላቱ አይሰሙም ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። የዘፋኙ አፍ ካልተፈታ ምርመራ ምን ያደርጋል!

እኔ እንደማየው የትናንሽ ከተማ ባንዶች ተቃውሞ ከግጥሙ ይልቅ በሁለት ሌሎች ቦታዎች ይገኛል። አንደኛው ጠጉራቸው ነው። በ1966 በዳላስ ከተማ ሳውንድስ አንሊሚትድ የሚባል ባንድ አባላት የሆኑ ሦስት ተማሪዎች ጠጉራችሁን ካልተቆረጣችሁ አትመዘገቡም ተባሉ፤ እነሱም ጠጉራችን የሥራችን አካል ነው ብለው የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ከሰሱ፤ ስለ ጉዳዩም ዘፈን ቀዱ። ፌራል በዳላስ የትምህርት አስተዳደር ላይ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ክርክር በ1968 በይግባኝ ተሸንፎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላይም ሲል ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ብቻቸውን ተቃውመው ጽፈዋል። በተመሳሳይ ዘመን በአዮዋ ግዛት በዴሞይን ጦርነቱን በመቃወም ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው ያሰሩ ተማሪዎች ግን በ1969 በሰባት ለሁለት ድምፅ አሸንፈዋል። እንግዲህ የክንድ ጨርቅ ሐሳብን መግለጽ ሆኖ ተቈጠረ፤ የጊታር ተጫዋች ጎፈሬ ግን አልተቈጠረም።

ሁለተኛው ቦታ የውትድርና ጥሪ የሚመጣበት የፖስታ ሳጥናቸው ነው፤ ዱካቸው የጠፋበትም ዋናው ምክንያት እዚያ ያለ ይመስለኛል። በ1964 ለግዳጅ ውትድርና የተወሰዱት ወጣቶች 112,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1966 ቁጥሩ 382,000 ገደማ ደረሰ፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ዓመት የለም። የጋራዥ ሮክም ከፍተኛው ዓመት ይኸው 1966 ነው፤ ከሚችጋን ግዛት የመጡት፣ የሜክሲኮ ተወላጅ ተዘዋዋሪ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች የነበሩት ኩዌስቸን ማርክ ኤንድ ዘ ሚስቴሪያንስ በትንሿ ቤይ ሲቲ የቀዱት «96 ጠብታ እንባ» በዚያ ዓመት ጥቅምት በመላው አገሪቱ አንደኛ ሆኗል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የባንዶቹ ዕድሜ ለምን ሁለት ዓመት እንዳልሞላ ይገባዎታል። 18 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መመዝገብ ነበረበት፤ ድምፅ ለመስጠት ግን እስከ 1971 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድረስ በአብዛኛው ግዛት 21 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ከግዳጁ ለመቆየት ኮሌጅ መግባት ይቻል ነበርና ኦርጋን ተጫዋቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ይሄዳል፤ ኮሌጅ ያልገባው ከበሮ መቺ ይጠራል፤ ልጅ ሳይወልዱ በማግባት ብቻ መትረፍም በነሐሴ 1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዝ ቀርቷል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ደግሞ 366 የልደት ቀኖች በሰማያዊ እንክብሎች ውስጥ ተከተው በቴሌቪዥን ፊት ዕጣ ወጣ፤ መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር፤ ከዚያ ዕጣ የተጠሩት እስከ 195ኛው ቁጥር ያሉት ናቸው። አራት ልጆች አንድ ባንድ ቢኖራቸው አራት የተለያየ የልደት ቀን አላቸው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው።

የቀሩትንም ሬዲዮው ገፋቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢ ጣቢያ አቅራቢ የሰፈሩን ልጆች ሸክላ በራሱ ፈቃድ ሊያሰማ ይችል ነበር። በ1965 የሎስ አንጀለሱ ኬ.ኤች.ጄ. የጀመረው፣ ጥቂት ዘፈኖችን ብቻ ደጋግሞ የማሰማት ዘዴ በየከተማው ሲቀዳ ለሰፈር ሸክላ የሚተርፍ ሰዓት አልቀረም፤ ኤፍ.ኤም. ሬዲዮም ወደ ረጃጅም አልበሞች ፊቱን አዞረ። ግንቦት 4 ቀን 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በትንሿ የኬንት ከተማ በተማሪዎች ላይ ተኩሶ አራቱን ገድሎ ዘጠኙን ሲያቆስል፣ አገሪቱ ኀዘኗን የሰማችው ክሮዝቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽና ያንግ በዚያው ወር በካሊፎርኒያ በቀዱት ዘፈን ነው እንጂ በኬንት መጠጥ ቤቶች ይጫወቱ በነበሩ ልጆች አንደበት አልነበረም። ከዚያ ቀን የዓይን ምስክሮች አንዱ ግን በኋላ ዲቮ የተባለውን ባንድ ከመሠረቱት መካከል ሆኗል።

መልሶ የማግኘቱ ነገር የጀመረውም ሳይውል ሳያድር ነው። በ1972 ሌኒ ኬይ የሚባል ጸሐፊና ጊታር ተጫዋች ከ1965 እስከ 1968 ከወጡት ነጠላ ሸክላዎች 27 ዘፈኖችን መርጦ «ነጌትስ» በሚል ስም በሁለት ሸክላ አሳተመ። እሱ የሰበሰበው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሬዲዮ የተሰሙትን ነበር፤ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ተከታዮቹ ወደ ታች ወርደው ከአንድ ከተማ ያልወጡትን ማሳደድ ጀመሩ። የአንባቢያችን ሸክላ ከነዚህ መረቦች ሁሉ ያመለጠች ትመስላለች።

ጥያቄ፦ በሰጡኝ ምክር መሠረት ዓመቱን አገኘሁ፤ 1967 ነው። የደራሲውን ስምና የሁለት ተጫዋቾችን ፎቶግራፍም አግኝቻለሁ። አሁን ዘፈኑን በኢንተርኔት ለሁሉም ላሰማ እፈልጋለሁ፤ ገንዘብ አላገኝበትም። ሸክላዋን ገዝቻታለሁና የእኔ አይደለችም?

መልስ፦ ሸክላዋ የእርስዎ ናት፤ በላይዋ ያለው ግን የእርስዎ አይደለም፤ በላይዋ ያለውም ሁለት መብት ነው። አንደኛው የድምፁ ቅጂ ነው። በአሜሪካ ከየካቲት 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዱ ድምፆች በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሳያገኙ ለረዥም ዘመን በየግዛቱ ሕግ ሲተዳደሩ ቆይተው፣ በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ አንድ መልክ አስይዟቸዋል። በሱ መሠረት ከ1957 እስከዚያ ቀን ድረስ ለሕዝብ የቀረቡ ቅጂዎች እስከ የካቲት 15 ቀን 2067 የተጠበቁ ናቸው። ሕጉ ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ቅጂው በገበያ ላይ አለመኖሩን በቅን ልቦና ፈልገው ካረጋገጡና ለንግድ የማይጠቀሙበት ከሆነ፣ ለቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ አስገብተው ባለመብቱ በ90 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሁለተኛው መብት የግጥሙና የዜማው ነው፤ ያ ቀዳዳ ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ ደራሲውን፣ በሕይወት ከሌለም ወራሾቹን ማስፈቀድ ይኖርብዎታል። ስሙን አግኝቻለሁ ብለዋልና ቀሪው ሰውየውን ማግኘት ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ነገር አይጫኑ።

ጥያቄ፦ ከበሮ መቺውን አገኘኋቸው። ስልክ ደውዬ የባንዱን ስም ስጠራ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያን ዘፈን የደረሰው ልጅ ከቬትናም እንዳልተመለሰ፣ ስለሱም ማውራት እንደማይፈልጉ ነግረውኝ ስልኩን ዘጉ። ዘፈኑ ተረስቶ እንዲቀር ልቤ አልፈቀደም፤ እሳቸውን ማስቸገርም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስለ ሸክላዎች ምክር መስጠት ቀላል ነበር። ከሁሉ በፊት ሊያደርጉት የሚፈተኑበትን ነገር ልንገርዎትና አያድርጉት። በዋሽንግተን በ1982 በቆመው የቬትናም ሐውልት ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች ተቀርጸዋል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም የሞቱትን በየግዛታቸውና በየመኖሪያ ከተማቸው ዘርዝሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የደራሲው ስም በእጅዎ አለ፤ የሞተበትን ቀን ለማወቅ አንድ ደቂቃ፣ እህት ወንድሞቹን ለማግኘት ምናልባት አንድ ሰዓት ይበቃዎታል። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚያስፈራው። የልጁን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልሰማች እህት የማታውቀው ሰው ደውሎ በድንገት ሊያሰማት አይገባም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚያልፍበት ሰው ካለ ከበሮ መቺው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አሁን አልፈልግም ብለዋል።

መልሶ የሚገኝ ነገር ሁሉ ለተገኘው ሰው ደስታ አይደለም። በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በፍሪሞንት የነበሩት የዊጊን እኅትማማቾች፣ ዘ ሻግስ የተባሉት፣ በ1969 አንድ አልበም የቀዱት አባታቸው ስላስገደዷቸው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ ሲጫወቱ የዕድሜ እኩዮቻቸው ይሣለቁባቸው ነበር፤ አባታቸው በ1975 ሲሞቱ ባንዱም በዚያው አበቃ። አልበሙ በ1980 ዳግም ሲታተም አድማጮች እንደ ተአምር አደነቁት፤ ለእነሱ ግን የታዘዙት ሥራ ነበር። በተቃራኒው የዲትሮይቶቹን የሃክኒ ወንድማማቾች እንመልከት። ዴዝ በሚል ስም በ1975 ቀድተው በ1976 በራሳቸው ገንዘብ 500 ቅጂ ብቻ ያሳተሙት ሸክላ፣ ፖለቲከኞችን የሚነካ ዘፈን የያዘው፣ ሰሚ አጥቶ ቀረ። ታላቅየው ዴቪድ በ2000 ከመሞቱ በፊት ዓለም አንድ ቀን እንደሚጠይቅ ነግሮ ክሮቹን ለወንድሙ ለቦቢ አስረክቧል። ቦቢ ስለ ባንዱ ለልጆቹ እንኳ አላወራም ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ በሌላ ከተማ በግብዣ ላይ ያን ሸክላ ሰምቶ የአባቱን ድምፅ ለየ። ክሮቹ ተጠብቀው ስለነበር በ2009 ለሕዝብ ወጡ። እዚያም ቢሆን የቤተሰቡ ዝምታ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ የተፈታውም ከቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ስልክ አይደውሉ፤ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ በወረቀት፣ በፖስታ። ማን እንደሆኑ፣ ሸክላዋ እንዴት በእጅዎ እንደገባች፣ ዘፈኑን ስንት ጊዜ እንደሰሙት ይንገሯቸው። የት ላይ ድምፁ ሲሰበር እንደሚሰማ፣ ከበሮው የት ላይ ዘግይቶ እንደሚገባ ይጻፉላቸው፤ ከበሮ መቺ ይህን ከማንኛውም ምስጋና በላይ ያነበዋል። ያጸዱትን ቅጂ አብረው ይላኩ፤ በሲዲ ቢሆን ይሻላል፤ በኢንተርኔት እንዳልጫኑትና ያለ እሳቸውና ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ እንደማይጭኑት፣ ስማቸውንም ለማንም እንደማይሰጡ ይጻፉ። ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት መስጠት ከፈለጉ በጠርዙ ላይ ያገኙትን ቁጥርና የወረቀቱን ፎቶግራፍ መስጠት ይችላሉ፤ ይህ ማንንም አይነካም፤ ወደፊት ለሚጠይቅ ሰውም መነሻ ይሆናል። በደብዳቤው መጨረሻ አድራሻዎንና ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉላቸው፤ የእሳቸውን ቁጥር ግን ከስልክዎ ያጥፉት።